የዶይል የመጨረሻ ጠርሙስ

ኔልዳ ክራቸር ቂመኛ ናት። ከጀርባዋ እያማኋት አይደለም፤ ፊት ለፊቷ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ እሷም እንደ ምርቃት ነው የምትቀበለው። የጎረቤቷ ውሻ ሦስት ዶሮ የበላባት ጊዜ ከሰውየው ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ሰባት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ስትቀመጥ አንድ ቀን እንኳ "እንዴት አደርክ" አላለችውም። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ብዬ ብተርትባት፣ "ሳሉን አላውቅም ሮስኮ፣ ጸሎቱ ግን ይሆንልኛል" አለችኝ።

ሮስኮ እኔ ነኝ። ኮርቻ እሰፋለሁ፤ ኬንተኪ ውስጥ ፈረስ እስካለ ድረስ ሥራ አልፈታም። የምነግራችሁ ግን ስለ ፈረስ ሳይሆን ስለ ውስኪ ነው። ከውስኪም ስለ አንድ ጠርሙስ፣ ስለ አንዲት ሴት፣ ስለ አንድ አፈ ቅቤ ሰው።

ኔልዳ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወንዙ ዳር ያለው የውስኪ ፋብሪካ ገባች። ሥራዋ ጠርሙስ ማየት ነበር። የተሞላው ጠርሙስ በበራ ነጭ መስተዋት ፊት እየተሰለፈ ሲያልፍ፣ ጎደል ያለውን፣ ጉድፍ የገባበትን፣ ወረቀቱ የተጣመመበትን እያነሳች ወደ ጎን ታወጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት ይህንን ሠራች። ባሏን ዶይልንም እዚያው ነው ያገኘችው። እሱ የመጋዘን ሰው ነበር፤ ሙሉ በርሜል እያንከባለለ ፎቅ ለፎቅ ሲደረድር ነው ወገቡ የጎበጠው። ዶይል ዝምተኛ ነበር። ተናግሮ ያስቀየመውን ሰው አላውቅም፤ እሷ የሁለቱንም ድርሻ ትናገርለት ነበር።

ፋብሪካው ሊዘጋ ነው የተባለ ቀን የመጋዘኑ ሹም አንድ ደግ ነገር አደረገ። ጥግ ላይ የቀረ አንድ በርሜል ራይ ነበር። ራይ ከቡርቦን፣ ከአገራችን የበቆሎ ውስኪ፣ ቆጣ ያለ፣ ምላስ ላይ እንደ በርበሬ ነካ የሚያደርግ ውስኪ ነው፤ በዚያ ዘመን የሚፈልገው አልነበረም። ሹሙ "የመጨረሻዎቹ ሠራተኞች ተካፈሉት" አለ። ዶይል በርሜሉን ራሱ አንከባሎ አወረደው፣ ኔልዳ በእጇ ቀዳችው፣ ስድስት ጠርሙስ ደረሳቸው። ወረቀት ቆርጣ በብዕር "ዶይል፣ የመጨረሻው በርሜል" ብላ ጽፋ ለጠፈችባቸው። አምስቱን በደስታቸው ቀን ጠጧቸው። የቤት ዕዳ ያለቀ ቀን አንዱን፣ ልጃቸው የተዳረች ቀን አንዱን፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ። አንዱ ቀረ።

አሁን ወደ አፈ ቅቤው ልምጣ። ግሬዲ ሳንድፈር የከተማችን የመጠጥ ሱቅ ባለቤት ነው። ሌላ የመጠጥ ሱቅ የለም፤ ስለዚህ ጥሩ ውስኪ ሲመጣ ማን እንደሚያገኝ የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ደህና ቡርቦን የፈለገ ሰው መጀመሪያ ማንም የማይነካውን የኮክ አረቄ ሦስት ጠርሙስ እንዲገዛ ያደርገዋል። እንዲያም ሆኖ የዶይል የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ነበር፤ አብረው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ አብረው እኔ ዘንድ ይጠጣሉ።

እኔ ዘንድ ስል ከሱቄ ኋላ ያለችውን ክፍል ማለቴ ነው። የብረት ምድጃ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር አለ። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንሰበሰባለን፤ እኔ፣ ግሬዲ፣ ዶይል፣ የትምባሆ ገበሬው ሉተር፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚያንሰው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ሃስኬል። ሁሉም ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ወሬያችን ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ምን ጠፋ፣ ማን አገኘ፣ ማን ደበቀ።

"ትናንት ሦስት ሰዓት ዝናብ ላይ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ 'አለቀ' ተባልኩ" ይላል ሃስኬል። "ስንት ጊዜ አቧራ ጠርጌ ከታችኛው መደርደሪያ ያነሳሁትን ውስኪ!"

"ያኔ የሚጠጣው ሽማግሌና ድሃ ነበራ" ይላል ሉተር።

"አሁንስ ማን ይጠጣዋል?"

"አሁንማ ማን ይጠጣዋል! ፎቶ ያነሱታል እንጂ።"

ወሬ ሰምቶ የሚሰለፈውን፣ ገዝቶ የማይከፍተውን ሰው እኛ አገር "ድንች" ይሉታል። ድንች ጓዳ ገብቶ ይቆለላል፣ ይበቅላል፣ ይበሰብሳል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእነሱ ነው። ድንችን ከመካከላችን ለማጥፋት ግሬዲ ራሱ ባመጣው ሐሳብ አንድ ሕግ አወጣን። በጥቅምት ወር ሁላችንም ጠርሙሳችንን በሱፍ ካልሲ ሸፍነን ለባለቤቴ ለዊልማ እንሰጣታለን። እሷ ጓዳ ሆና ትቀዳና ቁጥር የተጻፈባቸውን ብርጭቆዎች ታመጣልናለች። እያንዳንዱ ሰው ቀምሶ የራሱን ማወቅ አለበት። የራሱን ትቶ የሌላውን "የኔ ነው" ያለ፣ ለዚያ ብርጭቆ ባለቤት አንድ ጠርሙስ ያስረክባል፤ ከቤቱም ሆነ ከሱቁ የሚመርጠው ባለብርጭቆው ነው። የተረከበው ጠርሙስ እዚያው ይከፈታል፤ ቡሹ ምድጃ ውስጥ ይጣላል። ቡሽ የሌለው ጠርሙስ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ አይወጣም፤ መጠጣት ብቻ ነው ዕጣው።

ግሬዲ ይህን ሕግ ያመጣው የኛን ጠርሙሶች ሊለቅም ነበር። ለቅሞናልም። አንድ ዓመት እንኳ ተሸንፎ አያውቅም።

ዶይል በሳንባው ታሞ ሉዊቪል ሆስፒታል የተኛው በመጋቢት ነው። ሐኪሙ ኔልዳን ወደ ጥግ ወስዶ "የሚያምረውን ሁሉ ስጪው" አላት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በማግስቱ ልብስ ልትቀይር ቤት በመጣችበት ግሬዲ በሩን አንኳኳ።

"ዶይል ደውሎልኝ ነበር" አላት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ያቺን ራይ አንድ ጉንጭ አምሮኛል አለኝ። አሁን ወደዚያው እየሄድኩ ነው፣ ስጪኝና ላድርስለት።"

በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችው። አመሰገነችውም፤ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት። ማታ ሆስፒታል ስትደርስ ዶይል በደከመ ድምፅ "ኔልዳ፣ ያቺን ራይ አመጣሽልኝ?" አላት።

"ግሬዲ አላመጣልህም እንዴ?"

"ግሬዲን ካየሁት ሳምንት ሆነኝ።"

በማግስቱም ጠየቃት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከንፈሩን በውኃ ነበር የምታረጥብለት።

ከቀብር በኋላ ግሬዲን ስትጠይቀው "ዶይል በስልክ ጠርሙሱ ያንተ ይሁን ብሎኛል፣ እኔ እንዳልደርስለት ደግሞ መኪናዬ ተበላሸ" አላት። የሞተ ሰው አይመሰክር! በሰኔ ጠርሙሱ ሱቁ ውስጥ ከገንዘብ መቀበያው በላይ በመስተዋት ሣጥን ተቀምጦ፣ ከላዩ አምፖል በርቶለት ታየ። የኔልዳ የእጅ ጽሑፍ በመንገድ አላፊው ሁሉ ይነበባል። ከሩቅ አገር የሚመጡ ድንቾች ሁሉ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያቀርቡለታል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን የወጋውም አልረሳ፣ አምፖል አብርቶበት ነበር።

እኔ ተናድጄ ከማኅበሩ ላባርረው ተነሳሁ። የከለከለችኝ ኔልዳ ናት። በነሐሴ መጥታ በር ላይ ቆመች።

"የዶይልን ወንበር ለሰው ሰጥታችኋል?"

"ማን ይደፍራል?"

"እኔ እቀመጥበታለሁ። ግሬዲን እንዳትነካው። አይቀየም፣ አይደንግጥ፤ እዚያው ፊት ለፊቴ ይቀመጥልኝ።"

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ጠርሙሱን በሕጋችሁ ልቀበለው ነዋ።"

እንዲህ ሆኖ ኔልዳ ማኅበርተኛ ሆነች። ለግሬዲ ቂጣ ቆርሳ ታቀብለዋለች፣ በቀልዱ ትስቃለች። ሳቋን ሳይ እኔ ጀርባዬን ይቀዘቅዘኝ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት የካልሲ ቀን አልቸኮለችም፤ የራሷን አወቀች፣ እሱም የራሱን አወቀ። ሁለተኛው ዓመት እንዲሁ። ሦስተኛውም እንዲሁ። እኛ ስንቀምስ እሷ የምታየው የግሬዲን ፊት ነበር።

በመካከሉ ግሬዲ ሱቅ በሄደች ቁጥር ተመልሳ አንድ ነገር ትነግረኛለች። "ሮስኮ፣ ራይው ዝቅ ብሏል። አምና አንገቱ ላይ ነበር፣ ዘንድሮ ትከሻው ጋ ደርሷል። አምፖሉ ቡሹን እያደረቀው ነው፤ እየተነነ ነው።"

"ታዲያ ሂጂና ጠይቂዋ! ሁላችንም አብረንሽ እንሂድ።"

"አልለምነውም። በሰው ፊት፣ በገዛ ሕጉ፣ በገዛ ምላሱ ነው የምቀበለው።"

"እስከዚያ ተኖ ቢያልቅስ?"

"አያልቅም" ትለኛለች፤ ግን ከንፈሯን ትነክሳለች።

በአራተኛው ዓመት መስከረም ላይ እየሳቀች ገባች፤ ይኼኛው የእውነት ሳቅ ነበር። "ደረስኩበት" አለችኝ። "ያ ሰውዬ ምላስ የለውም!"

"እንዴት የለውም?"

"ሁሌ የሚያመጣው ከሱቁ ሁሉ ብርቱ የሆነውን ቡርቦን ነው። አምስቱንም ፉት ይላል፤ ጉሮሮውን አብልጦ ያቃጠለውን 'የኔ ነው' ይላል። አበባውን፣ ፍራፍሬውን የሚደረድረው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት አየሁት፤ ጆሮው ሲቀላ ቁጥሩን ይጽፋል። በቃ ይኸው ነው ጥበቡ።"

የካልሲው ቀን ደረሰ። ዊልማ ብርጭቆዎቹን ደርድራ "በሉ እናንተ ትልልቅ ሕፃናት፣ ጨዋታችሁን ጀምሩ" ብላ ወጣች። ቀመስን። አራተኛው ብርጭቆ እኔን አስነጠሰኝ። ሉተር ጉሮሮውን ይዞ "ይሄንን ማነው ከትራክተሬ የቀዳው?" አለ። ግሬዲ ግን አራተኛውን ደግሞ ደጋግሞ አሸተተ፤ ጆሮው ቲማቲም መሰለ።

"ይሄ ነው" አለ ዓይኑን ጨፍኖ። "ልጄን ከሰው መሀል አጣዋለሁ? መጀመሪያ ቼሪ ይላል። ከዚያ አሮጌ ቆዳ። መጨረሻው ላይ፣ ቆይ፣ ዝናብ የነካው የትምባሆ ቅጠል። አሥራ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ የኖረ ነገር እንዲህ ነው የሚናገረው።"

"እርግጠኛ ነህ?" አለችው ኔልዳ፣ ለስለስ ብላ። "ድጋሚ ቅመሰው እስቲ።"

"ዓይኔን ግንባር ያርገው!"

ዊልማ ተጠርታ ካልሲዎቹን ገፈፈች። አራት ቁጥር ካልሲ ውስጥ የነበረው ኔልዳ ያመጣችው፣ የነዳጅ ማደያ ሁሉ የሚሸጠው፣ ሁለት ዓመት ያልሞላውና ጥሬነቱ ጉሮሮ የሚፍቅ፣ የላስቲክ ክዳን ያለው ውስኪ ነበር። ኔልዳ የዋጋውን ወረቀት እንኳ አላነሳችለትም። የግሬዲ የሱቅ ስም ያለበት፣ አሥራ ስምንት ዶላር የሚል።

ሃስኬል ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። "ጋሽ ግሬዲ! የትምባሆ ቅጠሉ ከየት መጣ? የነዳጅ ማደያው ሰውዬ ያጨስ ነበር እንዴ?"

ሉተር በዓመት አንዴ ነው የሚስቀው፤ ያን ቀን ሳቀ። ግሬዲ አልሳቀም። ብርጭቆውን ተራ በተራ አንስቶ እያሸተተ ያስቀምጣል። ኔልዳ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች፤ ከዚያ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "የዶይልን አምጣ" አለችው።

"ኔልዳ፣ ስሚኝ" አለ። "ሃያ ሦስት ዓመት የኖረ ቡርቦን አለኝ፤ ለማንም አላሳየሁትም። እሱን ውሰጂ። ሁለት ልስጥሽ።"

"የዶይልን።"

"ሦስት!"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ" አልኩ እኔ፤ አላስቻለኝም። "ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ ግሬዲ። ተነስ።"

ሃስኬል አብሮት ሄደና በአሥር ደቂቃ ተመለሱ። ግሬዲ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የኔልዳ ጽሑፍ በአምፖሉ ብርሃን ነጥቶ "ዶይል" የሚለው ብቻ በጭንቅ ይነበባል። ከግማሽ በታች ወርዷል። ቀለሙም ያ የማውቀው ቀይ አልነበረም፤ እንደ ቀጠነ ሻይ ሆኗል። ኔልዳ ቡሹን ስትስበው እጇ ላይ ፈረሰ፤ ገሚሱ ጠርሙሱ ውስጥ ገባ። የቀረውን ምድጃው ውስጥ ጣለችው።

ቀዳች። አፏን በውኃ አጠበች፣ ብርጭቆውን አፍንጫዋ ጋ ያዘች፣ ፉት አለች። እኔ ያንን ራይ ልጃቸው የተዳረች ቀን ቀምሼዋለሁ፤ ምን መምሰል እንዳለበት አውቃለሁ። ስለዚህ ፊቷ ላይ አፈጠጥኩ። ፊቷ ምንም አላለም። ብርጭቆውን ወደኔ ገፋችው። ቀመስኩ። እርጥብ ካርቶን ነው፤ ጓዳ ውስጥ የተረሳ እርጥብ ካርቶን። በርበሬው የለም፣ ሙቀቱ የለም። ሞቷል።

ሁለተኛ ብርጭቆ አንስታ እስከ አፉ ሞላችና ግሬዲ ፊት አስቀመጠችው።

"ጠጣ።"

ጠጣ።

"ንገረን እንጂ። ቼሪ ይላል? ቆዳስ?"

"ምንም አይልም" አለ፤ ድምፁ አይሰማም።

"ዶይል ሁለት ቀን ለምኖኛል። ከንፈሩን በውኃ ነው ያረጠብኩት። አንተ አምፖል አበራህበት!" ደግማ ሞላችለት። "ጠጣ!"

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። አራት ዓመት የጠበቅኩት ይህንን ነበር። ሃስኬልም ክንዱን አጣጥፎ "ይገባዋል" የሚል ፊት ይዟል። ግሬዲ ሁለተኛውን ጨልጦ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

"አምጥቼልሽ ነበር እኮ ኔልዳ።"

"ምን አመጣህላት?" አልኩት።

"በሙት ዓመቱ። ቤቷ ድረስ ይዤው ሄጄ ነበር። በድያለሁ፣ ሌባ ነኝ፣ ውሰጂው፣ ከፈቀድሽ መቃብሩ ዘንድ ሄደን አብረን እንክፈተው ብያት ነበር። ያኔ እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር።"

ሁላችንም ወደ ኔልዳ ዞርን። ይዋሻል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትልልኝም ፈለግሁ።

"አምጥቷል" አለች። "በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት።"

"ለምን?" አለ ሃስኬል። "እትዬ ኔልዳ፣ ለምን? እጅሽ ገብቶ ነበር እኮ!"

"ማንም አያይማ" አለች። "እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ይቅርታ ብሎ፣ ተቀብዬው፣ ቀሎት ቤቱ ሊገባ ነው? ሰው ፊት እንዲሆን ፈለግሁ።"

ሉተር ባርኔጣውን አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረ። ያ ሁሉ ዓመት "ዝቅ አለ፣ ተነነ" ስትለኝ ያንን ጠርሙስ አንዴ በራፏ ላይ አይታው እንደነበር አልነገረችኝም። ግሬዲም ለማንም አልተናገረም። ለምን እንዳልተናገረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እንደ ልቤ ልጠላው አቃተኝና በዚህ ተናደድኩ።

ኔልዳ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ጠርሙሱን በብርሃኑ ላይ አንስታ የቀረውን አየች። ከዚያ ወንበሯን እየጎተተች ጠረጴዛውን ዞራ ከግሬዲ አጠገብ ተቀመጠች። የሱን ብርጭቆ ሞላች፣ ቀጥላ የራሷን ሞላች።

"ቡሹ ተቃጥሏል" አለችው። "ሁለታችን ነን የምንጨርሰው።"